«ቁማር ነው» ተብሎ 34 ዓመት የታገደው ጨዋታ

ባለፈው ሰሞን ልጄን ይዤ ከቺካጎ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ሆቴል ሄጄ ነበር። ሠርግ እንዳይመስላችሁ። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የድሮ የፒንቦል ማሽን ነው። ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ እዚህ አካባቢ የሚካሄድ «ፒንቦል ኤክስፖ» የሚባል የአፍቃሪዎች ስብሰባ አለ። ሰዎች ለዓመታት ምድር ቤታቸው ውስጥ ሲጠግኑት የኖሩትን ማሽን በመኪና ጭነው ያመጣሉ። በሩ ላይ አንዴ ከፍለህ ከገባህ ሳንቲም የለም፤ እስክትጠግብ መጫወት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ፒንቦልን ለማታውቁት ባጭሩ፦ በመስታወት የተከደነ፣ ወደ ተጫዋቹ ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ነው። በስተቀኝ ያለውን ዘንግ ስበህ ስትለቀው ስፕሪንጉ የብረት ኳሷን ወደ ላይ ያስፈነጥራታል። ኳሷ እየተላተመች፣ ነጥብ እያስቆጠረች ትወርዳለች። ታች ስትደርስ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች ተጭነህ፣ ፍሊፐር በሚባሉ ሁለት ትናንሽ ክንፎች መልሰህ ትመታታለህ። ካመለጠችህ መሃል ባለው ክፍተት ትገባለች። አለቀ።

አንዱ ጥግ ላይ የ1960ዎቹን ማሽን ጀርባውን ከፍተው ሽቦ የሚበይዱ ሽማግሌ አገኘን። በዚያ ዘመን ማሽን ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ነጥብ የሚቆጥሩት ቁጥር የተጻፈባቸው የሚሽከረከሩ ጎማዎች ናቸው። ድምፁም ከስፒከር የሚወጣ ሳይሆን እውነተኛ ደወል ሲመታ ነው። ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ይኼ ማሽን የተሠራው እዚሁ ቺካጎ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ቺካጎ ውስጥ እሱን መጫወት ክልክል ነበር» አሉን። የቀለዱ መሰለኝ።

ቀልድ አልነበረም። ጎትሊብ፣ ባሊ፣ ዊሊያምስ፣ ትልልቆቹ የፒንቦል ፋብሪካዎች የቺካጎ ናቸው። ከተማዋ ግን እስከ 1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ጨዋታውን አግዳው ኖራለች። ሎስ አንጀለስ በ1939 አገደች። ኒው ዮርክ ደግሞ ከ1942 እስከ 1976፣ ድፍን 34 ዓመት!

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን ጆተኒ ነው። አባዬ አንድ ቀን ጆተኒው ላይ ተንጠልጥዬ ሲያገኘኝ ጆሮዬን ይዞ እስከ ቤት ድረስ ነድቶኛል። «ቁማርተኛ ልትሆን ነው?» እያለ። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ «ቁማር አይደለም፣ ጨዋታ ነው!» እላለሁ። ማን ይሰማል? እውነቱን ለመናገር የሂሳቡን ነገር አልነገርኩትም፤ እኛ ሰፈር የሚከፍለው የተሸነፈው ነበር።

እና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የፒንቦል አያት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ይወደድ የነበረ ባጋቴል የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። በ1871 ሞንታግ ሬድግሬቭ የተባለ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ ይኖር የነበረ እንግሊዛዊ ኳሷን በስፕሪንግ የማስፈንጠሩን ዘዴ የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት። ጨዋታው የሕዝብ የሆነው ግን በክፉ ቀን ነው። በ1931 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እያለች ዴቪድ ጎትሊብ «ባፍል ቦል» የሚባል፣ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን አወጣ። ዋጋው 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ሰው ሥራ የለው፣ ገንዘብ የለው፤ በአንድ ሳንቲም ግን ብዙ ኳስ መጫወት ይችላል። ማሽኑ በአሥር ሺዎች ተሸጠ። ከጎትሊብ የሚፈልገውን ያህል ማሽን ማግኘት ያቃተው ሬይ ሞሎኒ የተባለ ነጋዴ «ባሊሁ» የሚል የራሱን ሠራ፤ ባሊ ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

አሁን ልብ በሉ፣ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። በዚያን ጊዜ ፍሊፐር የለም! ኳሷን ታስፈነጥራታለህ፣ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ገፋ ነቅነቅ ከማድረግ በቀር የምታደርገው የለም። ነቅናቂው ሲበዛ ጊዜ ደግሞ ሃሪ ዊሊያምስ የሚባል ሰው «ቲልት» የሚሉትን መቆጣጠሪያ አመጣ። በኋላ የተለመደው ዓይነት ቀለበት ውስጥ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። አለልክ ከነቀነቅከው ክብደቱ ቀለበቱን ይነካና ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፤ ማሽኑ ይደነዝዝብሃል፣ ኳስህ ተበላ። ትንሽ መግፋት ይፈቀዳል፣ ማብዛት ያስቀጣል።

በዚያ ላይ አንዳንዶቹ ማሽኖች ለአሸናፊ እውነተኛ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ገንዘብ የማይከፍሉትም ጋ ቢሆን ባለሱቁ ሲጋራ ምናምን ይሸልማል። ስለዚህ «ይኼ ቁማር ነው» ያሉት ሰዎች ዝም ብለው አልተነሱም። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ማሽኑ የተማሪዎችን የምሳ ሳንቲም ይበላል፣ ገንዘቡም ወንጀለኞች ኪስ ይገባል ብሎ ዘመተበት። በ1942 ጃንዋሪ፣ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ በገባች በሳምንታት ውስጥ እገዳው ወጣ። ፖሊስ ከየሱቁና ከየመጠጥ ቤቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ለቀመ። በመዶሻ ሲሰባበሩ የተነሱት ፎቶዎች ዛሬም አሉ።

እንግዲህ በ1942 መጽሐፉ ተዘጋ። ፍርዱም በዚያን ጊዜ ለነበረው ማሽን ከእውነት ብዙም የራቀ አልነበረም።

ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ማሽኑ ሌላ ሆነ። በ1947 ጎትሊብ «ሃምፕቲ ደምፕቲ»ን አወጣ። ሃሪ ማብስ የተባለው ንድፍ አውጪ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ስድስት ፍሊፐሮች ገጠመለት፣ ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስቲቭ ኮርዴክ የሚባል ሌላ ባለሙያ «ትሪፕል አክሽን» በተባለው ማሽን ላይ ሁለት ብቻ አድርጎ ታች አስቀመጣቸው። ዛሬ የምናውቀው ፒንቦል ይኸው ነው። አሁን ኳሷ ስትወርድ እጅህን አጣጥፈህ አታያትም። ትጠብቃታለህ፣ ታቆማታለህ፣ አነጣጥረህ ትልካታለህ። የዕድል ጨዋታ የነበረው የእጅና የዓይን ጨዋታ ሆነ።

ሕጉስ? ሕጉ አላየውም። ጭራሽ በአንዳንድ ቦታ አሸንፎ ነፃ ጨዋታ ማግኘት ራሱ «ዋጋ ያለው ሽልማት ነው» ተብሎ እንደ ቁማር ተቆጠረ። ጎትሊብ በ1960 መላ ፈጠረ፤ በነፃ ጨዋታ ፋንታ ለአሸናፊው ተጨማሪ ኳስ የሚሰጥ ማሽን አወጣ። አስቡት፣ አንድ ኢንዱስትሪ «ሽልማት» ከሚለው ቃል ለማምለጥ ማሽኑን እንደገና ሲሠራ!

መጨረሻው እንደ ፊልም ነው (በኋላ ፊልምም ተሠርቶበታል)። በ1976 ኤፕሪል የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን ሊሰማ ተቀመጠ። ሮጀር ሻርፕ የሚባል፣ ጨዋታውን አበጥሮ የሚያውቅ ወጣት ጸሐፊ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ሁለት ማሽን መጥቷል፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ተጠራጣሪው የምክር ቤት አባል ግን «ያኛውን ሳይሆን ይኼኛውን ተጫወት» አለው፤ የመጀመሪያው የተነካካ መስሎት። ሻርፕ ተጫወተ። ሰዎቹ ፊት ላይ ግን ለውጥ የለም። በመጨረሻ ዘንጉን ይዞ «ይህችን ኳስ አሁን ከላይ በመሃለኛው መተላለፊያ አሳልፋታለሁ» አለ። ሳበ፣ ለቀቀ። ኳሷ ወጣች፣ ዞረች፣ በመሃለኛው ገባች። ኮሚቴው እገዳው እንዲነሳ ድምፅ ሰጠ።

አሁን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ሻርፕ ከዓመታት በኋላ ያቺ ኳስ በዕድል እንደገባች ራሱ አምኗል! ችሎታ ነበረው፣ ያ አያከራክርም፤ ያቺ አንዲት ምት ግን ዕድልም ረድቷታል። ጨዋታው የዕድል ሳይሆን የችሎታ መሆኑ በዕድል ተመሰከረ። ጉድ ነው።

ነፃነቱም ብዙ አላጣጣሙትም። በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ» መጣ፣ ቀጥሎም «ፓክማን»፤ ሳንቲሙ ወደ ቪዲዮ ጌም ዞረ። በ1992 የወጣው «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» ከ20 ሺህ በላይ ተመርቶ ዘርፉን ትንፋሽ ቢሰጠውም፣ ዊሊያምስ በ1999 ፒንቦል መሥራቱን አቆመ። ዛሬ ጨዋታው በሕይወት ካለ፣ አንዱ ምክንያት ያ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንዳየኋቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ሽማግሌው ብየዳቸውን ጨርሰው «በል ሞክራት» አሉኝ። የመጀመሪያዋ ኳስ ወዲያው ጠፋች። ሁለተኛዋን ጠረጴዛውን በንዴት ስነቀንቅ «ቲልት» በላት። ሦስተኛዋ ላይ ልጄ ከጎኔ ቆሞ «አትቸኩል፣ ክንፉ ላይ እስክትደርስ ጠብቃት» አለኝ። ጠበቅኳት። መታኋት፤ ያሰብኩበት ቦታ ሄደች! ደወሉ ሲንጫጫ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «እንዴት አወቅከው?» አልኩት። «ስልኬ ላይ እኮ ሁልጊዜ የምጫወተው እንደዚህ ዓይነት ነው» አለኝ። ያ በየማታው «ጣለው ይኼን ዕቃ!» እያልኩ የምነጥቀው ስልክ። አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን እንደሚጫወት አይቼ አላውቅም።

አባዬ ዛሬ የለም፤ ነፍሱን ይማር። ስለ ጆተኒው ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ነበር አልልም፤ ተሸናፊ ይከፍል እንደነበር እኔው ነግሬያችኋለሁ። ግን አንድ ቀን እጀታውን ይዞ ቢሞክረው ኖሮ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ላጋርዲያም ከ1947 በኋላ የተሠራ ማሽን ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ሃምፕቲ ደምፕቲ ከመውጣቱ በፊት አርፏል። እኔ ግን አለሁ፣ ልጄም ከጎኔ አለ። ዛሬ ማታ «እስቲ አሳየኝ» ልለው ነው። አይቼ ካልጣመኝ ያኔ እነጥቀዋለሁ።

እናንተስ ሰፈር ጆተኒ ስንት ነበር? ማነውስ የሚከፍለው? ኮሜንት ላይ እንጨዋወት። መልካም ሰንበት!