የቴሌቪዥን ስፖንሰር ማስታወቂያ፦ መለያዎቹና የሕግ ገደቦቹ

ድራማ፣ የስፖርት ወይም የበዓል ዝግጅት ሲጀመርና ሲያበቃ ዝግጅቱን ስፖንሰር ያደረገው ድርጅት ስም ይነገራል፤ ዓርማው ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል፤ ብዙ ጊዜም መሪ ቃሉና መለያ ዜማው ይከተላሉ። ዋጋ ስለማይጠቀስበትና «ይግዙ» ስለማይባልበት ተመልካቹ መልእክቱን እንደ ምስጋና ሊቆጥረው ይችላል። ይሁን እንጂ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 መሠረት ማስታወቂያ የሚባለው ሽያጭን ለማስፋፋት የሚነገረው ብቻ አይደለም፤ የድርጅትን ስም፣ ዓርማ፣ የንግድ ምልክት ወይም ዓላማ ለማሳወቅ የሚተላለፈውንም ይጨምራል። ስለሆነም በዓርማ ብቻ የሚያልፍ የስፖንሰር መልእክትም ከአሳሳችነት ነፃ መሆን ይጠበቅበታል።

አሠራሩ ከአገራችን ቴሌቪዥን በዕድሜ ይበልጣል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አራዳ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን የሳሙና ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘቡን የሚከፍለው ድርጅት በዝግጅቱ ይዘት ላይም ያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ለአንዳንድ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ተወዳዳሪዎች መልሱ አስቀድሞ ይሰጣቸው እንደነበር ሲጋለጥ፣ የስፖንሰሮች ጫና በሰፊው አነጋገረ፤ ጣቢያዎችም የዝግጅቶቻቸውን ቁጥጥር ይበልጥ በእጃቸው አስገቡ። በብሪታኒያ ደንብ ዜና ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም፤ የስፖንሰር መልእክትም ግዢን በቀጥታ መጋበዝ የለበትም።

በአገራችን ሕግ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በግልጽ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ይህ ድንጋጌ በተግባር የሚፈተነው በመክፈቻውና በመዝጊያው ላይ አይደለም፤ እዚያ መለያው ግልጽ ነው። አስቸጋሪው የውይይት አዘጋጁ በጨዋታ መሐል የስፖንሰሩን ምርት ሲያሞግስ፣ ወይም እንግዳ ተብሎ የቀረበው ባለሙያ የስፖንሰሩ ተቀጣሪ ሆኖ ሳይገለጽ ሲቀር ነው። ተመልካቹ ገለልተኛ ምክር የሰማ መስሎት ገንዘቡን ሊያወጣ ይችላል፤ ጉዳዩ መድኃኒትን ወይም ሕክምናን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል።

የአልኮል መጠጥን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በብሮድካስት እንዳይተዋወቁ የከለከለው የአልኮል መጠናቸው ከ12 በመቶ በላይ የሆኑትን ነበር። ቢራ በዚህ ክልከላ ሥር ባለመውደቁ ጠማቂዎች የመዝናኛና የስፖርት ዝግጅቶች ዋነኛ ስፖንሰሮች ሆነው ቆይተዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን ማናቸውንም የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት ማስተዋወቅን ከልክሏል። በትምባሆ ረገድ ስፖንሰር ማድረግም ጭምር የተከለከለ ነው።

ስፖንሰር ለመሆን የሚሹ ነጋዴዎች በውሉ ላይ መልእክቱ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሰዓትና እስከ መቼ እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ማስፈር ይገባቸዋል። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በኋላ ከፒያሳ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩ የንግድ ቤቶች ቀድሞ የተቀረጸውን መልእክት አድራሻውን ሳያስተካክሉ ማስተላለፍ የለባቸውም፤ የቆየ ደንበኛ የቀድሞውን ሱቅ ፍለጋ ይንገላታልና።

አሳሳች ወይም ከዝግጅቱ ያልተለየ መልእክት ያጋጠመው ተመልካች የጣቢያውን ስም፣ የዝግጅቱን ርዕስ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ቅሬታውን ለጣቢያው እና ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል። የተላለፈው መልእክት ቅጂ በእጁ ካለ አብሮ ቢያያይዘው ማጣራቱን ያቀለዋል።