አጋጣሚ ያልፈታው ልዩነት፦ የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ

የመላምት ፍተሻን ለጀማሪ ተማሪዎች ሳስተምር የምነሣው ከሦስተኛው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ነው። የአማራ ክልል ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 13,834,297 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 17,221,976 ሆነ። ዓመታዊ ዕድገቱ 1.7 በመቶ ገደማ ሲሆን የመላ አገሪቱ ግን 2.6 በመቶ ነበር። ክልሉ በአገሪቱ መጠን አድጎ ቢሆን ኖሮ ከ19 ሚሊዮን ባለፈ ነበር። የድጎማ በጀት የሕዝብን ቁጥር ስለሚከተል ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደረሰ።

የሚፈተነው መላምት «ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው» ይላል። ቆጣሪዎች አንድ ቦታ ላይ አንዱን፣ መካነ ሰላም ላይ ሌላውን በአጋጣሚ ቢዘሉ፣ በኖርማል ሥርጭት ሕግ የድምሩ መዋዠቅ ከጥቂት ሺህ አይዘልም። የጎደለው ግን ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ስለዚህ መላምቱ ውድቅ ይሆናል።

ሆኖም አጋጣሚን መጣል ጥፋተኛን ማግኘት አይደለም። የወሊድ መቀነስ፣ ፍልሰትና የቆጠራ ግድፈት ያንኑ ቁጥር ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ከእነርሱ መካከል ለመለየት ወደ ገበሬው ደጅ ተመልሶ መጠየቅ ግድ ይላል። ያን ደጅ ዳግም ያንኳኳ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ።