ስንት ነን?

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። በዚያው ጊዜ አይስላንድ የምትባለው አገር ሕዝቧ 3 መቶ ሺህ ገደማ ነበር። እንግዲህ ከጎፋ እስከ ለቡ ያለው ሰፈራችን በሰው ብዛት አንዲት አገር ያህላል ማለት ነው።

ይህችን ትንሽ አገር ያነሣናት ያለ ነገር አይደለም። ክፉ ዓመታት መጥተው ሕዝቧ ቢደኸይ፣ እ.ኤ.አ. በ1703 የዴንማርክ ንጉሥ የላካቸው ሰዎች ነዋሪውን በየስሙ አስመዘገቡ። ጠቅላላው 50 ሺህ ያህል ነበር። ጧሪ ያጣው ችግረኛ ሳይቀር ተጽፏል። ድህነቱን ለማወቅ ድሃውን መቁጠር ግድ ነበራ!

እኛ ዘንድስ? ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት ወረደ ሲባል ሰምተን አድገናል። መንግሥት ሲቆጥር ደግሞ «ወይ ለግብር ነው ወይ ለዘመቻ» ይባላል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰበት ቦታ በግምት ተሞልቶ 42 ሚሊዮን ተባልን። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 74 ሚሊዮን ያህል ሆንን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ግን በ2010 ዓ.ም. ታስቦ ቀረ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ እንደገና አራዘሙት፤ ከዚያ ኮሮና መጣ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰፈሩ መች ቆሞ ጠበቀ? በ1999 ዓ.ም. የጀሞ ኮንዶሚኒየም ገና ሰው አልገባበትም ነበር።

ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የውሃ መስመሩም የሚታቀደው በትንበያ ነው። ትንበያው ደግሞ የሚነሣው ከዚያው ከድሮው ቁጥር ነው። በሰው ጓዳ የምታድረዋ ሠራተኛ፣ አልጋ በአዳር የሚከራየው የቀን ሠራተኛ፣ መታወቂያ የሌለው ስደተኛ፣ ኧረ እኛም በአንዲት ክፍል አራት አምስት ሆነን የምናድረው በየትኛው ትንበያ ውስጥ ነን?

ቆጠራ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን እናውቃለን። በ1976 ዓ.ም. ከተቆጠርን በኋላ ረሃቡ ስንቱን ፈጅቷል። ሆኖም ያለቀውን ሕዝብ ለማወቅ እንኳ ቀድሞ ስንት እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ቆጣሪ በራችንን ያንኳኳ ቀን፣ በጓዳ ያለችውንም ልጅ ስሟን አንደብቅ።