ጠያቂ
እስረኛ ይጠየቃል። «ይጎበኛል» የሚሉም አሉ፤ ለእኔ ግን ወህኒውን ሙዚየም ያስመስለዋል። ስንቅ ቋጥሮ በር ላይ የሚቆመው ዘመድ ጠያቂ ነው፤ ባለሥልጣኑን «በምን ወንጀል አሰራችሁት?» የሚለውም ያው ጠያቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 እንግሊዛዊው ጠበቃ ፒተር ቤነንሰን «ዘ ኦብዘርቨር» ጋዜጣ ላይ ስለተረሱ እስረኞች ሲጽፍ ሁለቱ ትርጉሞች ተገናኙ፦ እስረኛውን በዓይናቸው ያላዩ የባሕር ማዶ ሰዎች ለእሱም ለአሳሪዎቹም ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተወለደው ከዚህ ነው።

ሁሉም ግን እኩል አልተጠየቀም። የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ የትጥቅ ትግልን በመደገፋቸው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1964 «የኅሊና እስረኛ»፣ ማለትም ዓመፅን ሳይደግፍ በእምነቱ ብቻ የታሰረ፣ ሊላቸው አልወደደም። በሮበን ደሴት እስር ቤት መጀመሪያ ላይ የተፈቀደላቸው በስድስት ወር አንድ ጠያቂና አንድ ደብዳቤ ነበር።