በብርድ አገር የመስተዋት ቤት ውስጥ ስለሚመረጡ የቲማቲም ዘሮች ታሪክ

ቲማቲም በዛሬው ዘመን ከማድ ቤት የማይለይ አትክልት ስለ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣና በብርድ አገር እንዴት ሊበቅል እንደ ቻለ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች አካባቢ ሲሆን፥ በእርሻ የለመደው ግን በሜክሲኮ እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ስሙም የተገኘው የሜክሲኮ ሰዎች በናዋትል ቋንቋ «ቶማትል» ከሚሉት ነው። በኢጣልያ ማቲዮሊ የተባለው ሐኪም በ1544 ዓ.ም. ስለዚሁ ፍሬ ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይወቅልን።) እንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ ደግሞ በ1597 ዓ.ም. ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ፥ በአትክልቱ ቦታ ቲማቲም መትከሉን ቢናገርም ሽታውን አልወደደለትም። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ቲማቲም ብዙ ዘመን ከመብል ይልቅ ለጌጥ ኖረ።

ነገር ግን ንቀቱ ብቻ አልነበረም ያዘገየው። ዋናው ጠላቱ ብርዱ ነው። የቲማቲም አበባ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ስለሚደክም ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ ውርጭ ከመታው ደግሞ ተክሉ ራሱ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ ብዙ ማስረጃ ይረዳዋል። እንግዲህ በሰሜን አውሮፓ ቲማቲምን ያለ ጭንቀት ለማብቀል የመስተዋት ቤት ያስፈልጋል፤ መስተዋት ግን በእንግሊዝ አገር የሀብታም ዕቃ ነበር። መንግሥቱ ከ1745 ዓ.ም. ጀምሮ በመስተዋት ላይ ግብር ጥሎ፥ ይህንኑ ግብር ልክ መቶ ዓመት ሲሞላው በ1845 ዓ.ም. አነሣው። ዋጋው ከረከሰ በኋላ፥ ቀድሞ ለመሳፍንት ወይንና አናናስ ብቻ ይሠራ የነበረው የመስተዋት ቤት በነጋዴ አትክልተኞች እጅ ገባ። ከሎንዶን በስተሰሜን ያለው የሊ ሸለቆና በባሕር መካከል ያለችው የገርንዚ ደሴት በመስተዋት ተሸፈኑ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የገርንዚ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያበቅሉት ወይን ነበር። ቲማቲሙን በወይኑ ሐረግ መካከል እንደ ደባል ተከሉት፤ ደባሉም ባለቤቱን አስወጣው። ከወይኑ የቀረው ስሙ ብቻ ሲሆን፥ በደሴቲቱ ላይ የመስተዋት ቤት ያለበት ሥፍራ «ቫይነሪ» ማለት የወይን ቤት ይባል ነበር። የደሴቲቱ ኑሮ በዚህ በአንድ ፍሬ ላይ እንዴት ተንጠልጥሎ እንደ ነበር የሚያስረዳ አንድ መራራ ታሪክ አለ። ሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ወደብ ቲማቲም የጫኑ ካሚዮኖች ወደ እንግሊዝ ለሚሄደው መርከብ ተራ ይዘው ተሰልፈው ሳለ፥ የጀርመን አውሮፕላኖች የጦር ሠራዊት ጓዝ መስሏቸው በቦምብ ደበደቧቸው። ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ደሴቲቱ በጠላት እጅ ወደቀች፥ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስም ነፃ አልወጣችም። ከጦርነቱ በኋላ ንግዱ እንደ ገና አብቦ ነበር፤ ሆኖም ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲንር፥ በ1959 ዓ.ም. የምድር ጋዝ ካገኙት ከሆላንዶች ጋር መወዳደር ስላልተቻለ እየመነመነ ሄደ።

ይህን ሁሉ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ማሞቂያውን የሚከፍለው ገበያው በመሆኑ፥ ዘሩንም የሚመርጠው ገበያው ሆነ። የእንግሊዝ ነጋዴ የሚፈልገው ክብ፥ ቀይ፥ መጠኑ እኩል፥ በሣጥን ሲደረደር የማይበላለጥ ቲማቲም ነው። ከዘሮቹ አንዱ ስሙ ራሱ «መኒሜከር» ማለትም ገንዘብ አስገኚ መባሉ ዓላማውን ይገልጠዋል። በስኮትላንድ የተገኘውና በባሕር ላይ በምትታይ ደሴት ስም «ኤልሳ ክሬግ» የተባለው ዘር ጣዕሙ ሲመሰገን ኖሯል፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲበረታ ትከሻው አረንጓዴ ሆኖ ስለሚደርቅ ነጋዴዎች ጠሉት። ስለዚህ ትከሻው ወጥ ሆኖ የሚቀላ «ክሬጌላ» የተባለ ወንድም ተገኘለት።

ለዓይን ያማረው ይህ ጠባይ ዋጋ እንዳስከፈለ የታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ2012 ዓ.ም. በ«ሳይንስ» መጽሔት የታተመ ምርምር እንዳስረዳው፥ ፍሬውን ወጥ አድርጎ የሚያቀላው ጠባይ የሚመጣው በጥሬው ፍሬ ውስጥ አረንጓዴውን ቀለም የሚያበዛ አንድ የዘር ትእዛዝ ከሥራ ውጭ ሲሆን ነው፤ ያ አረንጓዴ ሲቀንስም ስኳሩ አብሮ ይቀንሳል። አሮጊቶቹ «የዱሮው ቲማቲም ይጣፍጥ ነበር» ሲሉ በናፍቆት ብቻ አልተናገሩም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሕግ ተጨመረ። እንግሊዝ በ1973 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ማኅበር ስትገባ፥ በመንግሥት መዝገብ ያልተጻፈ የአትክልት ዘር መሸጥ ተከለከለ፤ መዝገቡም ገንዘብ ስለሚጠይቅ፥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ለሚዘሩት አሮጌ ዘር ማን ይክፈልለት? ሎሬንስ ሂልስ የተባለ አትክልተኛ ይህን ተመልክቶ በ1970ዎቹ ዓመታት የአሮጌ ዘሮች ቤተ መጻሕፍት እንዲቋቋም ደከመ፤ ዘሩ ለአባላት ይታደላል እንጂ አይሸጥም ነበር። እኛ እንደሚመስለን ይህ ብልሃት ከብዙ ክርክር የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

ታዲያ በብርድ አገር ትንሽ የመስተዋት ቤት ያለው ሰው ከነዚህ ያልተለመዱ ዘሮች የትኛውን ይምረጥ? ብዙዎች የሚሳሳቡት በትልቁ ፍሬ ነው። «ብራንዲዋይን» የተባለው የአሜሪካ ዘር ጣዕሙ የታወቀ ቢሆንም፥ ፍሬው ግዙፍ ስለ ሆነ ለመብሰል ረጅም ሙቀት ይሻል፤ ማሞቂያ በሌለበት ቤት መስከረም ሲጠባ ገና ጥሬ ሆኖ ይገኛል። ከቼኮች አገር የመጣው «ስቱፒሴ» ግን ትናንሽ ፍሬዎቹን ፈጥኖ ስለሚያደርስ ለብርድ የተመቸ ነው። በአሜሪካ በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ባጌት ያወጣው «ኦሪገን ስፕሪንግ» ደግሞ አበባው በብርድ ሳይዳቀል ቢቀር እንኳ ፍሬ መቋጠር ይችላል። ለዓይን እንግዳ የሚሆን ለሚሻ፥ ከክሪሚያ የመጣው ጥቁሩ አለ፤ ጥቁረቱ የሚመጣው አረንጓዴው ሳይጠፋ ቀዩ ስለሚጨመርበት ነው። ቶም ዋግነር በ1983 ዓ.ም. ያወጣው «ግሪን ዜብራ» በስሎም አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር፥ መብሰሉ የሚታወቀው ቢጫ ሲል በእጅ ተዳስሶ ነው። አስተዋይ አትክልተኛ ከአራት ተክል ሦስቱን ፈጥኖ ከሚደርሰው፥ አንዱን ከሚያጓጓው ቢያደርግ እኛ እናመሰግነዋለን።

በመስተዋት ቤት ነፋስ ስለሌለ፥ በቀትር ግንዱን በቀጭን ዘንግ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በሆላንድና በቤልጅግ ይህን ድካም ያቃለለው በ1980ዎቹ መጨረሻ በሣጥን የገባው ደንገዝ ንብ ነው። እርጥበት በቅጠሉ ላይ ሻጋታ እንዳያመጣም መስኮቱ በየማለዳው ይከፈት።

ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት የሚወድ ሰው፥ የበሰለውን ፍሬ ጨምቆ ፍሬ ነገሩን ከነጭማቂው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቡካው፤ ዘሩን የከበበው ልጥልጥ ሲለቅ አጥቦ በወረቀት ላይ ያድርቀው፥ ስሙንና ዓመቱንም ይጻፍበት። ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ አባቱን ይመስላል። ከድቅል ዘር የተለቀመው ግን በሁለተኛው ዓመት መልኩን ይለውጣል፤ እንደ ብራንዲዋይን ቅጠላቸው የድንች ቅጠል የሚመስል አንዳንድ ዘሮችም የእንስት ጫፋቸው ከአበባው ወጣ ስለሚል የጎረቤት ዱቄት ይቀበላሉና፥ ከሌሎቹ ራቅ አድርጎ መትከል ይገባል።