መካሪው የማን ነው?

በከተማ ትምህርት ቤቶቻችን «ጋይዳንስ» የሚባል ቢሮ አለ። ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ተጠርቶ ሲሄድ ነው። በብዙ ቦታ መካሪው ቅጽ ያስሞላል፣ ቀሪ ይቆጥራል፣ የዲሲፕሊን ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ልጅ «በል የሆድህን አጫውተኝ» ይለዋል። ልጁ ምን አምኖ ይንገረው?

የሙያው አባት የሚባለው አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ቢሮ ሲከፍት፣ መካሪ ያማክራል እንጂ አይመርጥም፣ ምርጫው የወጣቱ ነው ባይ ነበር። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ ግን አሜሪካ ደነገጠች። በዓመቱ በወጣው የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ መካሪዎች በመንግሥት ገንዘብ ሠለጠኑ፤ ጎበዝ ጎበዙን ለሳይንስ መለየትም ሥራቸው ሆነ። መካሪው ሁለት ጌታ አገኘ።

የሁለት ጌታ ነገር በጋምቤላ የስደተኛ ሰፈሮች ከታየው የከፋበት ቦታ ግን አላውቅም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኢታንግ፣ በፑኝዶና ወርቅ በሚታጠብባት በዲማ ሰፈሩ። ከመካከላቸው ወላጅ ያልተከተላቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ከቀያቸው የወጡት «ትማራላችሁ» ተብለው ነው። በፑኝዶ በቡድን ተከፍለው ለየቡድኑ ተንከባካቢ ተመደበ፤ የስዊድኑ የሕፃናት አድን ድርጅት ራዳ ባርነንም ይረዳቸው ነበር። ሌት የሚቃዠውን ልጅ የሚያባብለው ያው ተንከባካቢ፣ ያው መምህር ነው። «ካውንስለር» ያለው ግን የለም።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1994 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው፣ በደርግ የሚደገፈውና በሰፈሮቹ ሥልጣን የነበረው ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. ልጆቹን ለብቻ የያዛቸው ለውትድርናም አስቦ ነበር፤ ከፊሎቹንም አሠልጥኗል። እንግዲህ ሌት እንባ ያበሰ ተንከባካቢ ማለዳ ስም ዝርዝር ሲጠየቅ ምን ይበል? ማን እንደጠነከረ፣ ማን ገና ሕፃን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሰፈሮቹ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆኑ። የዲማዎቹ ወደ ፓኮክ፣ የፑኝዶዎቹ ጊሎ ወንዝን ተሻግረው ወደ ፖቻላ ሸሹ፤ ጊሎ ብዙ ልጅ በላ። ከተረፉት ብዙዎቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ኬንያ፣ ካኩማ ገቡ። ከ2000 ወዲህ ከ3,000 በላይ ወጣቶች ወደ አሜሪካ ሲሄዱ፣ በዕድሜ ትንንሾቹ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። የተወለዱበትን ቀን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ በብዙዎቹ ወረቀት ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው። ይህን ወረቀት ይዘው ነው የትምህርት ቤቱ መካሪ ፊት የቀረቡት። ቅጽና ስም ዝርዝር እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸውና፣ ሆዳቸውን ቶሎ ባይከፍቱለት አይፈረድባቸውም።