የፊንፊኔ ፍል ውሃ እንግዳና ባለቤት

ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማ ሲያደርጉ የመረጡት ጠላትን ለመከላከል የሚመች ቦታ እንጂ ለኑሮ የሚመች አልነበረም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጋራ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ማገዶውም በየጊዜው እየራቀ ሄደ። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ከነመኳንንቱ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ ይወርድና ድንኳን ተክሎ ፍል ውሃው ዘንድ ይሰነብት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል ሜዳውን ወደውት ቤት አሠሩበት፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እንዲያም ሆኖ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጋራው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ዋና ከተማችን መጀመሪያ የገላ መታጠቢያ ሰፈር ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሜዳው ግን ባለቤት ነበረው።

ቱለማ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት በዚህ ምድር ከብት ያረቡ ነበር፤ በውሃው ዳርም የምስጋና በዓላቸውን ኢሬቻን ያከብሩ ነበር። በእንግድነት የወረደው ቤተ መንግሥት ባለቤት ሆኖ ቀረ፤ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ደግሞ ከውሃቸው ራቁ። የፍል ውሃን እንግዳ ተቀባይነት የሚያወድስ ሰው ይህን መዝለል የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ውሃው የሁሉም ሆነ፣ በደረጃ ቢሆንም። በፍል ውሃው መታጠቢያ ቤት ትኬት ይቆረጣል፤ ዋጋው እንደ ክፍሉ ይለያያል። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ ቆዳው የተቆጣ፣ እንዲሁም ቤቱ የቧንቧ ውሃ የጠፋበት ጎረምሳ አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ብቅ ሲሉ «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» የሚል አይጠፋም፤ ለታመመው «እግዜር ይማርዎ» ይባላል። ባኞው ለሚቀጥለው ሰው ይፈተጋል፤ ውስጥ ሆኖ የዘገየ በሩ ይንኳኳበታል። ወረፋን በማክበር ብዙም የማይታማው የከተማችን ሰው እዚህ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል፤ ምናልባት ከጎኑ የተቀመጠው ታማሚ መሆኑን ስለሚያውቅ ይሆናል።

በደቡብ ጎንደር፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው ዋንዛዬ ፍል ውሃም ስንቁን ቋጥሮ የሚመጣ ሕመምተኛ አያጣም። በጃፓን ደግሞ ሕዝብ በጋራ ወደሚነከርበት ፍል ውሃ የሚገባ ሰው አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ ግዴታው ነው፤ ገላውን የተነቀሰ ሰው ግን በብዙ ቦታ ከበር ይመለሳል። በየአገሩ ውሃው ለሁሉም ነው ይባልና በሩ ላይ አንድ ደንብ ይቆማል።

የፊንፊኔው በር ለቀድሞ ባለቤቶቹ በአደባባይ የተከፈተው ቆይቶ ነው። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻም ከረጅም ዘመን መቋረጥ በኋላ በከተማዋ እምብርት፣ በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ተከበረ።